ብር ከብር ሲለይ

የጉናን ተራራ ትቶ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው መንገድ ደጋውን ሰንጥቆ ንፋስ መውጫ ይደርሳል። ከተማዪቱ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ስሟ እንደሚያመለክተው ለነፋስ በር ሆና ኖራለች። በሩ ግን የነፋስ ብቻ አልነበረም። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በዋግና በላስታ በኩል ወደ በጌምድር የሚሻገረው አሞሌ ጨው የጋይንትን ደጋ ያውቀዋል። በ1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል መድፍ እየጎተተ ወደ መቅደላ የተጓዘው በዚሁ በጋይንት ምድር አልፎ ነው። ዛሬም ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘው መንገድ በከተማዪቱ ያልፋል። እንዲህ ባለ መተላለፊያ ላይ የሚኖር ሕዝብ ከብዙ አቅጣጫ የመጣ ገንዘብ በእጁ ይገባል፤ ስለዚህም ገንዘብን መመርመር ይማራል።

ጋይንት በሌላ ረገድም የመመርመርና የማረም አገር ነው። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን የሚያስመሰክረው ቤተ ልሔም ሄዶ ነው። ማስመስከር ማለት ያወቁትን ከአዋቂ ፊት አቅርቦ መፈተን ማለት ነው፤ ጎዶሎው እዚያ ይሞላል፣ የተዛባው እዚያ ይቃናል። በገበያ መካከል ገንዘብም እንዲሁ ያስመሰክር ነበር። አንድ ጠገራ ብር ከእጅ ወደ እጅ ከመተላለፉ አስቀድሞ በድንጋይ ላይ ተጥሎ ድምፁ ይደመጣል። ጠርዙ በጣት ይዳበሳል። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ የተደረደሩት 9 እንክብሎች ጎልተው መታየታቸው ይቆጠራል። እንክብሎቹ የደበዘዙ እንደሆነ ተቀባዩ ራሱን ነቅንቆ ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ ፊደል ባልቆጠረ ሰው የሚፈጸም ምርመራ ነበር።

የምርመራው ዋና መነሻ በገንዘቡ ላይ የተጻፈው ዓመት ምንም የማይናገር መሆኑ ነው። ማርትሬዛ የምትባለው ብር የኦስትሪያይቱ ገዢ የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለባት ስትሆን፣ የተጻፈባት ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ገንዘቧ ግን ከእርሷ ሞት በኋላ ለብዙ ትውልድ ያንኑ ዓመት ይዞ ሲመታ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የመምቻውን ማኅተም ከቪየና አስመጥቶ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ እንግሊዞች በለንደን፣ ቀጥሎም በቦምቤይ ያንኑ መልክና ያንኑ ዓመት አስመቱ። ወራሪውም የወራሪው ባላጋራም የሚያትሙት ዓመት 1780 ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ዓመቷ ከቆመ፣ ንግሥቲቱም ከሞተች፣ አገሯም ሩቅ ከሆነ፣ የጋይንት ገበሬ ማርትሬዛን ያመነው በምን ምክንያት ነው? መልሱ በማዕድኗ ነው። ክብደቷ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከዚህም በሺህ 833 እጅ፣ ማለትም ከስድስት አምስት እጁ ጥሩ ብር ነው። ይህ መጠን አልተለወጠም። እንዲያውም ማርትሬዛ ራሷ የሚዛን ድንጋይ እስከ መሆን ደርሳ ወርቅ ይመዘንባት ነበር። ዓመቷ ሐሰት ሲሆን ማዕድኗ እውነት ነበር። ሕዝቡም የያዘው እውነተኛውን ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛን ቋንቋ ማዳመጥ ይገባል። በቋንቋችን ማዕድኑም ብር ነው፣ ገንዘቡም ብር ነው። አንጥረኛው መስቀል የሚሠራበት ነገርና ነጋዴው በሬ የሚገዛበት ነገር በአንድ ስም ይጠራሉ። ስሙ የተሰጠው ሁለቱ አንድ በነበሩበት ዘመን ነውና እንግዳ ነገር አይደለም። የኋላ ኋላ ግን ብር ከብር ተለየ፤ ገንዘቡ ስሙን እንደያዘ ቀረ፣ ማዕድኑ ግን ከውስጡ ወጣ። ይህ መለያየት የተፈጸመው በአንድ ቀን ወይም በአንድ ዐዋጅ አይደለም። አፈጻጸሙም በታሪክ መጻሕፍት ከሚገኘው ይልቅ በትንንሽ ሳንቲሞች ላይ ይበልጥ ተመዝግቦ ይገኛል። በተለይም ያልተጠበቀ ማዕድን የያዙ ሳንቲሞች የዚህ ለውጥ ዋና ምስክሮች ናቸው።

ነገሩ በኢትዮጵያ ምድር ጥንታዊ ሥር አለው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ አስመትተዋል። በዓለም የገንዘብ ታሪክ ውስጥ አክሱምን ልዩ የሚያደርጋት ግን አንድ ማዕድን በሌላው ላይ የመለበጥ ጥበቧ ነው። በብርና በነሐስ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ያለው ጥቂት ቦታ ብቻ በወርቅ ይለበጥ ነበር። ሳንቲሙን የተቀበለ ሰው ነሐስ መያዙን ያውቃል፤ ወርቁ የተቀመጠው ለክብር እንጂ ለማታለል አይደለም። በሌላ በኩል ግን የወርቁ ገንዘብ ጥራት ከዘመን ወደ ዘመን እየወረደ ሄዷል፤ መልኩ ወርቅ ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ሌላ ማዕድን እየበዛ መጣ። እንግዲህ ግልጽ የሆነው ልባጥና ስውር የሆነው ቅነሳ ጎን ለጎን መኖር የጀመሩት ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ነው።

ከአክሱም ገንዘብ መቋረጥ በኋላ በኢትዮጵያ ንጉሥ ስም ገንዘብ በስፋት የተመታው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ይዞ ወጣ። ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው፤ የብሩም ጥራት በሺህ 835 እጅ ስለሆነ በጥቂቱ ይበልጣታል እንጂ አያንሳትም። ሆኖም የገጠሩ ገበያ አዲሱን ብር በቀላሉ አልተቀበለውም፤ ማርትሬዛን መፈለጉን ቀጠለ። ማዕድኑ ትክክል ነበር፤ የጎደለው የለመዱት መልክ ነበር። ይህም የሚያስገነዝበው ገንዘብ ሁለት ምስክሮች እንደሚያስፈልጉት ነው፤ አንደኛው ሚዛን ነው፣ ሁለተኛው ልማድ ነው። አንዱ ብቻውን ቢቆም ገበያው ያመነታል።

በ1923 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞች ከዚህ መንገድ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉ። ብሩ በመቶ ማቶና ተከፈለ፤ ትንንሾቹ ከመዳብ፣ 10፣ 25 እና 50 ማቶና የሚሉት ደግሞ ከኒኬል ተሠሩ። ኒኬል በመልኩ ነጭ ነው፤ ብርን ይመስላል እንጂ ብር አይደለም። ግማሽ ብር የሚባለው ገንዘብ አንዲት ቅንጣት ብር ሳይኖርበት በመንግሥት ማኅተም ብቻ እንዲታመን ተጠየቀ። ሙከራው ሥር ሳይሰድ የፋሽስት ወረራ ደረሰ።

ከድል በኋላ በአገሪቱ የነበረው ገንዘብ የተደበላለቀ ነበር። ማርትሬዛ አለች፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አለ፤ የጣልያን ሊሬም ገና ከየቤቱ አልወጣም። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በይፋ ሥራ ላይ ዋለ። 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲም ከመዳብ፣ 50 ሳንቲም ከብር ተመቱ። በሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት 1936 ነው። እንግዲህ ሳንቲሞቹ ገበያ የወጡት ገና ከመነሻው ዓመታቸው ካለፈ በኋላ ነው። አንድ አዲስ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይመነዘር ስለነበር ሕዝቡ 50 ሳንቲሙን ሽልንግ ብሎ ጠራው፤ 25 ሳንቲሙን ደግሞ ስሙኒ አለው። እነዚህ ሁለቱ፣ ስሙኒና ሽልንግ፣ የዚህ ታሪክ ዋና ባለጉዳዮች ናቸው።

ሳንቲሞቹ መጀመሪያ የተመቱት በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ገንዘብ መምቻ ቤት ነው። ለሽልንጉ የሚያስፈልገው ብር በኢትዮጵያ አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ የብድርና የውሰት ውል መሠረት 5,430,000 አውንስ ያህል ብር ለኢትዮጵያ አበደረ፤ ውሉም ብሩ ያው ብር ሆኖ እንዲመለስ የሚጠይቅ ነበር። ቁጥሩን ማስላት ቀላል ነው። 30,000,000 ሽልንግ ተመታ፤ የአንዱ ክብደት 7.03 ግራም ነው፤ ከዚህም ከመቶ 80 እጁ ጥሩ ብር ነው። ሲባዛ 168,700 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ ይህም ከውሰቱ ብር ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል። በሌላ አነጋገር በመጀመሪያው ሽልንግ ውስጥ የነበረው ብር በሙሉ የሰው ብር ነበር። የኢትዮጵያ የሆነው በላዩ ያለው መልክ፣ ፊደልና አንበሳ ነው።

የኢትዮጵያ ሳንቲም በዚያ ቤት በሚመታበት ጊዜ ቤቱ ራሱ በማዕድን ለውጥ ይናወጥ ነበር። መዳብ ለጥይት ቀለህና ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1943 ባለ አንድ ሳንቲማቸውን ከመዳብ ቅይጥ አንሥተው ዚንክ በተቀባ ብረት መቱት። በፊላዴልፊያ ብቻ ከ684 ሚሊዮን በላይ የብረት ሳንቲም ወጣ። ታዲያ ካለፈው ዓመት የተረፉ ጥቂት ያልተመቱ የመዳብ ክቦች በማጓጓዣ ሣጥኖቹ ጥግ ተሰክተው ቆይተው ነበር። እነዚህም ከብረቱ ክቦች ጋር ተቀላቅለው በማተሚያው ስር አለፉ። በዚህ ዓይነት 1943 የሚል ዓመት የተጻፈባቸው፣ ግን ብረት መሆን ሲገባቸው መዳብ ሆነው የቀሩ ጥቂት ሳንቲሞች ተገኙ። በ1944 መምቻ ቤቱ ወደ መዳብ ቅይጥ ሲመለስ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ ጥቂት የብረት ክቦች በመዳቡ ዓመት ተመቱ። የተረፈው ብረት እንዳይባክንም በዚያው ዓመት በዚያው ቤት 25,000,000 ባለ ሁለት ፍራንክ ሳንቲሞች ለቤልጅግ ተሠሩበት።

በዚያ አንድ ቤት ወለል ላይ፣ በአንድ ዘመን፣ የአሜሪካ መዳብ፣ የቤልጅግ ብረትና የኢትዮጵያ ሽልንግ በየሣጥናቸው ይመላለሱ ነበር ማለት ነው። ስሕተቱ የተፈጠረው ሠራተኞቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ማንኛውም ለውጥ ካለፈው ዘመን ጥቂት ቅሪት ይዞ ይሻገራል፤ ቅሪቱም በአዲሱ ማኅተም ስር ሲገባ የሁለት ዘመን ፍጡር ይሆናል። የሥነ ጽሑፍ ሰው ይህን ሲያይ ቅኔን ያስታውሳል። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ የሚታየው ሌላ፣ የተደበቀው ሌላ ነው። የስሕተት ሳንቲም ያለ ባለ ቅኔ የተቆጠረ ቅኔ ነው።

ዓለም ለእነዚህ ስሕተቶች የሰጠው ዋጋ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በማሳቹሴትስ አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ምሳ ቤት በተመለሰለት ዝርዝር ውስጥ አንዱን የ1943 መዳብ አገኘ፤ ዕድሜውን ሙሉም አስቀመጠው። ሳንቲሙ በጥር 2019 በጨረታ ሲቀርብ 204,000 ዶላር አወጣ። ዋጋው እንዲህ በናረበት ሁሉ አታላይ አይታጣምና የብረቱን ሳንቲም መዳብ ቀብቶ የሚሸጥ፣ ከ1948 ላይ 8 ቁጥርን ፍቆ 3 የሚያደርግ ብዙ ሆነ። ለመጀመሪያው ተንኮል ማግኔት በቂ መልስ ነው፤ ብረቱ ይያዛል፣ መዳቡ አይያዝም። ለሁለተኛው ግን የቁጥሩን አጣጣል የሚያውቅ ዐይን ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የደረሰው ማታለል ከዚህ ይለያል። በአሜሪካ ብረቱ መዳብ የተቀባው ለሰብሳቢ ሀብታም እንዲሸጥ ነው። በኢትዮጵያ ግን መዳቡ ብር የተቀባው በዕለት ገበያ እንዲያልፍ ነው። ስሙኒና ሽልንግ በስፋታቸውም በክብደታቸውም እጅግ የተቀራረቡ ነበሩ፤ ሁለቱም ክብ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ያው ንጉሠ ነገሥት፣ ያው አንበሳ፣ ያው 1936 አለ። ልዩነታቸው ቀለማቸውና በፊደል የተጻፈው መጠናቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዩን ስሙኒ ብር ለብጦ ነጭ ያደረገ ሰው 25 ሳንቲሙን 50 አድርጎ ማውጣት ቻለ። ትርፉ በአንድ ሳንቲም ሌላ ስሙኒ ነው።

ኪሳራው በማን ላይ ያርፍ እንደነበር ማሰብ ተገቢ ነው። የተለበጠ ሳንቲም ሲዘዋወር ሁሉም ሰጪ ሁሉም ተቀባይ ነውና የሚጎዳ ያለ አይመስልም። ልባጡ ተፍቆ ቀዩ መዳብ ብቅ ሲል ግን ሳንቲሙ በእጁ ላይ የተገኘው የመጨረሻው ሰው ይከስራል። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ባለ ሱቁ አይደለም፤ ባለ ሱቁ ብርሃንና ልምድ አለው፣ ቀን በቀን ይቆጥራል፣ ያጠራጠረውንም ይመልሳል። ከሳሪው እንቁላልና ቅቤ ሸጣ ሲመሽ ወደ ቤቷ የምትመለሰው እናት፣ ወይም ፊደል የማያነበው ጉልበት ሠራተኛ ነው። ማርትሬዛን በድምፅና በእንክብል ቁጥር ይፈትን የነበረው ሕዝብ በአዲሱ ገንዘብ ፊት የድሮ መሣሪያው አልሠራለትም። ልዩነቱ በንባብ እንጂ በጆሮና በጣት የማይታወቅ ሆኖበታልና።

ከክቡ ስሙኒ 421,500 ያህል ብቻ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 ከገበያ ተሰብስቦ በሌላ ተተካ። አዲሱ ስሙኒ መዳብነቱን፣ መልኩን፣ 1936 የሚለውንም ዓመት እንደያዘ ነው፤ ጠርዙ ግን ዙሪያውን እንደ አበባ ቅጠል ተከርክሟል። የአከራከሙ ዓይነትም ሁለት ነው፤ ሻካራና የተስተካከለ ጠርዝ ያላቸው ይገኛሉ። መፍትሔው ቀላልና ብልህ ነበር። መዳቡን ማንም ብር ቢቀባው ጠርዙን ክብ ሊያደርገው አይችልም። ማየት የተሳነው ሰው እንኳ በጣቱ ይለየዋል። የገንዘቡ ምስክርነት ከፊደል ወደ ጣት ተመለሰ፤ ማንበብ ላልቻለው ሕዝብ የተነጠቀው መሣሪያ በከፊል ተመለሰለት ማለት ነው። የክቡ ስሙኒ ዕድሜ አጭር በመሆኑም ዛሬ በየቤቱ ሣጥን የሚገኘው ከተከርካሚው ያነሰ ነው።

የስሙኒው ነገር እንዲህ ሲሆን፣ የሽልንጉ ደግሞ ዝም ብሎ የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 እንደገና ሲመታ የብሩ መጠን ከመቶ 80 ወደ ከመቶ 70 ወርዷል። መልኩ አልተለወጠም። ዓመቱም ያው 1936 ነው። በቀደመው ሽልንግ ውስጥ 5.62 ግራም ጥሩ ብር ነበረ፤ በኋለኛው 4.92 ግራም አለ። አሥር የቀደሙትንና አሥር የኋለኞቹን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 7 ግራም ብር ነው፤ ይህም የአንድ ሙሉ ሽልንግ ክብደት ነው። ከአሥሩ አንዱ ወጥቶ በመዳብ ተተክቷል ማለት ነው። ዐይን አያየውም፤ ፊደል አይናገረውም።

ታዲያ ስሙኒውን ብር የቀባው ሰው ወንጀለኛ ሲባል፣ ከሽልንጉ ብር የቀነሰው መንግሥት ምን ይባላል? ጥያቄው የቀልድ አይደለም፤ መልሱም በችኮላ የሚሰጥ አይደለም። በሕግ ረገድ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በ1937ቱ ዐዋጅ መሠረት የኢትዮጵያ ብር ዋጋ የተወሰነው 5.52 ግሬይን ጥሩ ወርቅ ሆኖ ነው። ሽልንጉም የዚያ ግማሽ መሆኑ የታወጀው በሕግ እንጂ በውስጡ ባለው ብር ሚዛን አይደለም። 50 ሳንቲም የሚለው ቃል አልታጠፈም፤ በኋለኛው ሽልንግም እንደ ቀደመው ሁለት ስሙኒ ይመነዘር ነበር። ብር የተቀባው ስሙኒ ግን ቃሉን ያጥፋል፤ 25 ሆኖ ሳለ 50 ነኝ ይላል። የመጀመሪያው ማዕድኑን ለወጠ፤ ሁለተኛው ቃሉን ለወጠ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በሕግ ብቻ አይዘጋም። አያቶቹ ብርን በሚዛን የተቀበሉ ሕዝብ ገንዘቡን በልቡ የሚያየው እንደ ማዕድን ነበር። ለክፉ ቀን ብሎ በማድጋ የቀበረው ሽልንግ ውስጥ ምን ያህል ብር እንዳለ የማወቅ መብት ነበረው። ዓመቱ ቢለወጥ ኖሮ የቀደመውና የኋለኛው በቀላሉ በተለየ ነበር። የ1936ቱ ሳንቲሞች ግን በፊላዴልፊያ፣ በበርሚንግሃምና በለንደን ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲመቱ ዓመታቸው አልተነካም። ማርትሬዛ ዓመቷ ቢቆምም ማዕድኗ ቆሞ ነበር፤ ሽልንጉ ግን ዓመቱ ቆሞ ማዕድኑ ሄደ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ብር ከብር የተለየውም በዚህ ጸጥታ ውስጥ ነው።

ለውጡ የተጠናቀቀው በ1969 ዓ.ም. ነው። በዚህ ዓመት ምልክት የወጡት ሳንቲሞች የንጉሡን መልክ በአንበሳ ራስ፣ የመዳቡንም ዘመን በሌሎች ማዕድናት ተኩ። በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ ያለበት አንድ ሳንቲም አሉሚኒየም ነው፤ 5 እና 10 ሳንቲም የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ናቸው፤ ስሙኒና ሽልንግ ደግሞ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ሆኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙኒና ሽልንግ በማዕድን አንድ ሆኑ፤ በመካከላቸው የነበረው የቀይና የነጭ ልዩነት ቀረ። በኋላም 1996 ዓ.ም. የሚል ዓመት የያዙት ሳንቲሞች ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው ልባጥ ሆነ፤ ማግኔት ይይዛቸዋል። በ2002 ዓ.ም. ብር ራሱ ባለ ሁለት ማዕድን ሳንቲም ሆኖ ሲወጣም በውስጡ ብር የለበትም። ስሙ ግን ብር ነው።

ይህን ታሪክ የሚመሰክሩት ሳንቲሞች በመዝገብ ቤት የተቀመጡ ብቻ አይደሉም፤ የሚበዙት በየቤቱ ናቸው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ የድሮ ብር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በአያት ሣጥን መቀመጥ ነው። ሁለተኛው አንጥረኛ ቤት ገብቶ መስቀል፣ ድሪ ወይም አምባር መሆን ነው። አንጥረኛውን መውቀስ አይገባም፤ ከሞተ ገንዘብ ሕያው ጌጥ ያወጣል፣ ጥበቡም ራሱ ቅርስ ነው። ነገር ግን አንድ የ1936 ሽልንግ ሲቀልጥ ከመቶ 80 ይሁን ከመቶ 70 ሊታወቅ አይችልም። አንድ ብር የተለበጠ ክብ ስሙኒ ሐሰተኛ ነው ተብሎ ሲጣልም ከእርሱ ጋር የአንድ ሕዝብ መታለልና ከመታለል መዳን ታሪክ ይጣላል። ለሻጭ ዋጋ የሌለው ነገር ለታሪክ ጸሐፊ ከጥሩው ይበልጥበታል።

ለዚህ ሥራ ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ጥሩ ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ቀጭን ክር ያለው የሳይንስ መምህር ተማሪዎቹን ሊያስመረምር ይችላል። ሽልንጉ በአየር ላይ ይመዘናል፤ ቀጥሎም በክር ታስሮ ውሃ ውስጥ እንደተንጠለጠለ ይመዘናል። ከመቶ 80 ብር ያለው 7.03 ግራም ሽልንግ በውሃ ውስጥ 0.69 ግራም ያህል ይቀልለዋል፤ ያው ክብደት ያለው መዳብ ግን 0.78 ግራም ያህል ይቀልለዋል። ብር የተቀባ ስሙኒ በዚህ ፈተና አያመልጥም። በ80 እና በ70 መካከል ያለው ልዩነት ግን ከአንድ መቶኛ ግራም ብዙም ስለማይበልጥ ይበልጥ የሠለጠነ ሚዛን ይጠይቃል። የታሪክ መምህሩ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ይጨምራል፤ ሳንቲሙ የማን እንደነበር፣ በምን እንደተገኘ፣ ለምን እንደተቀመጠ ባለቤቱን አስጠይቆ ያስጽፋል። ሳንቲሙ ወደ ባለቤቱ ሣጥን ይመለሳል፤ ጽሑፉ በትምህርት ቤቱ ይቀራል።

በዚህ ሥራ ተማሪው ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛው የተጻፈ ሁሉ፣ በመንግሥት ማኅተም የተጻፈም ቢሆን፣ ከያዘው ነገር ጋር መመዛዘን እንዳለበት ነው። ሁለተኛው ያልተማሩ የተባሉ አያቶቹ ይህን አስቀድመው ያውቁ እንደነበር ነው። ድጓ የተማረው ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ብር የተቀበለው በድንጋይ ላይ ጥሎ ያዳምጣል። ቀለም ያልዘለቀውም ቀለም የዘለቀውም ያንኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ የተባለውና ያለው አንድ ነውን?

በንፋስ መውጫ ገበያ አንድ የቆየ ጠገራ ከሣጥን ወጥቶ በድንጋይ ላይ ቢወድቅ ድምፁ ዛሬም ጥርት ብሎ ይሰማል። ለስሙኒና ለሽልንግ እንዲህ ያለ ድምፅ አልተሰጣቸውም። የእነርሱን ምስክርነት መስማት የሚቻለው ሳይቀልጡ ቆይተው ሚዛን ላይ የሚያወጣቸውና የተገኘውን የሚጽፍ ሰው ሲያገኙ ብቻ ነው።